ለጨፌው የመረጥነው ትራክተር

ታናሽ እህቴ ከጅዳ የተመለሰችው ለውጥ መጣ በተባለ ሰሞን ነው። ያን ጊዜ ወሬው ሁሉ የመመለስ ነበር፤ የተሰደደው ይመለሳል፣ የታሰረው ይፈታል፣ የተጣላው ይታረቃል። እሷም አመነች። ወጣትነቷን የሰው ቤት ስትወለውል ጨርሳ ስትመጣ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዳግመኛ እንዳትሄድ የሚያደርጋት ሥራ።

ሥራውን ራሷ አሰበችው። አባታችን የተወልን ጨፌ ወደ አርዲቦ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ከጎረቤት በኮንትራት የያዝነው ሲጨመርበት ስምንት ጥማድ ይሆናል። ውሃ አዘል ስለሆነ አይታረስም፤ ሣሩ ግን ክረምቱ ሲወጣ ወገብ ይደርሳል። በማጭድ ብቻ ሲታጨድ ደግሞ ግማሹ ሳይነሳ እንደ ቆመ ይደርቃል።

«በማሽን አጭደን ድርቆሽ ብናደርገው» አለችኝ፣ «የደሴና የኮምቦልቻ ከብት አድላቢዎች እዚሁ ድረስ መጥተው ይጭኑታል። አንቺ ታነቢያለሽ፤ የሚሆነውን አንቺ ምረጪልኝ፣ እታለም።»

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከወለድኩ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ከፈተና ፈተና እየተሻገርኩ ነው። ስለዚህ የተጻፈ ነገር ሲሰጡኝ ዘልዬ አላልፈውም። ከኮምቦልቻ መሸጫ የሁለት ትራክተሮችን መመሪያ ለምኜ አመጣሁና መዝገበ ቃላት ይዤ ተቀመጥኩ። አንደኛው ባለ አራት ጎማ፣ ወንበር ያለው፣ ቀይና ግርማ ሞገሳም ነው። ሁለተኛው ሁለት ጎማና ከኋላው ሁለት እጀታ ብቻ ነው ያለው፤ ሰው እጀታውን ይዞ በእግሩ ይከተለዋል፤ ከፊቱ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ማጨጃ ይገጠምለታል። ክብደታቸውን አስተያየሁ። ዝናብ በጣለ ማግስት ጨፌውን በባዶ እግሬ ዞርኩት። የአጎታችን በሬ እንኳ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚሰምጥበት ቦታ አለ። ባለ አራት ጎማው እዚያ ከገባ እንደማይወጣ ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

ትንሹን አልኳት። መሸጫው ግቢ ውስጥ እጀታውን ይዛ አንድ ዙር አዞረችው። ሻጩ «ይቺ እኮ ከወንድ ትበልጣለች!» ሲላት እንዴት እንደሳቀች አሁንም ይታየኛል።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ከተማችን ሐይቅ ገባ። ሐሙስ ከሰዓት አጎታችን ቤት ለዱዓ ተሰብስበን ሳለ፣ አጎታችን የያዙትን ጫት ወደ ጎን አድርገው እህቴን ጠሯት።

«እርፍ ልትጨብጪ ነው አሉ። እውነት ነው?»

«እርፍ አይደለም፣ አያ። የማሽን እጀታ ነው። ሣር ነው የማጭድበት።»

«ሁለት እጅሽን ዘርግተሽ ከኋላ ከኋላው የምትከተዪው ነገር እርፍ ካልሆነ ምንድን ነው? በእኛ ዘር ሴት አርሳ ታውቃለች? ነገ ወንድ ያለቀበት ቤት ሊሉን ነው!»

የሁላችን ታላቅ የሆነው ወንድማችን አጠገባቸው ተቀምጧል። የነጋዴ አይሱዙ ሲነዳ ኖሮ ከሥራ ከወጣ የከረመ ሰው ነው። «ባለ ወንበሩን ግዢ» አላት ድምፁን አለስልሶ። «እኔ እነዳልሻለሁ። አንቺ እንደ እመቤት ቁጭ ብለሽ ማዘዝ ነው።»

«ጨፌው አይችለውም» አልኩ ከሴቶቹ በኩል፤ ስለ ክብደቱም ማስረዳት ጀመርኩ።

«ይቺ ደግሞ ፈተና የጠገበች! መሬቱን ልትፈትነው ነው» አሉ አጎታችን። ቤቱ ሁሉ ሳቀ።

እህቴ አልሳቀችም። «አያ፣ እዚያ መወልወያ ስጨብጥ ነውር ያለኝ ሰው አልነበረም።»

«እዚያ ማን ያይሻል?»

ማጭድ ይዛ ጎንበስ እንዳለች ብትውል፣ ሸክሙን በጀርባዋ ብታመላልስ፣ ነውር የሚላት አልነበረም። ነውሩ ቀና ብሎ መሄዱ ነው። አጎታችን እጃቸውን ዘረጉ። «አላህ በትልቁ ያኑርሽ፤ በትልቁ ያክብርሽ።» «አሚን» አለ ጀመዓው። እህቴም አሚን አለች። ዱዓ የተደረገበት ነገር ዳግመኛ አይመከርበትም፤ ቀዩ ትራክተር በእህቴ የጅዳ ገንዘብ ተገዛ።

ጥቅምት ላይ ጨፌው ውስጥ ገባ። መሃሉ ሳይደርስ የኋላ ጎማው ሰመጠ፤ ወንድሜ ነዳጅ በሰጠው ቁጥር ይብሱን ወደ ታች ሄደ። በመጨረሻ የአጎታችን በሬዎች ተጠምደው ጎትተው አወጡት። መንደሩ «በሬ ትራክተር ሲያርስ አየን» እያለ ሰነበተ። ጎማው ያልደፈጠጠውን ሣር እኔና እህቴ በማጭድ አጨድነው፤ የቀረው ቆሞ ደረቀ። ወንድሜ ትራክተሩን ወደ ደረቁ መሬት ወሰደና ለሰው ማረስ፣ አሸዋና ድንጋይ ማመላለስ ጀመረ። እመቤቲቱ ማታ ሲገባ እግሩን ታስታጥበዋለች።

«ሸጬው ትንሹን እገዛለሁ» እያለች ከመኸር መኸር ተሻገረች። ወንድሜን በስንት ልምምጥ አሳምና፣ ገዢም አግኝታ ሳለ ጦርነቱ ደረሰ። ተኩሱ ከውጫሌ በኩል ሲቃረብ ወንድሜ ተጎታች ቀጥሎ ሰዉን ጫነ፤ እናታችንን፣ አጎታችንን፣ ሕፃናቱን። እኔም ተሳፍሬበታለሁ፤ ይህን አልክድም። እህቴ ቦታዋን ለአንዲት አራስ ለቃ በእግሯ መጣች። ደሴ ገባን፤ ከደሴም ወዲያ ሄድን። ተረፍን።

ስንመለስ ቤታችን ባዶውን ጠበቀን፤ ትራክተሩ ግን ከእኛ ጋር ነበርና ደህና ነው። ስሙ ብቻ ተለወጠ። «የልጅቷ ትራክተር» መባሉ ቀርቶ የወንድሜ ተባለ። አጎታችን በየለቅሶው ቤት «ያን ቀን ያቺ ባለ እጀታ ብትሆን ማንን ልትጭን ኖሯል? ያተረፈን ያ ዱዓ ነው» ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ሰው አትጭንም። እኛ የፈለግነው ማጨጃ ነበር እንጂ መሸሻ አልነበረም። ግን የዘመዱ ሬሳ ሳይቀበር የቀረበት ሰው አጠገብ ተቀምጦ ስለ ሣር የሚያወራ ማን ነው?

እህቴ የመሸጡን ነገር አንድ ጊዜ ብቻ አነሳች።

«ነፍስ ያወጣ ንብረት ይሸጣል?» አላት ወንድሜ፤ ተቆጥቶ እንኳ አይደለም፣ አዝኖባት። ጎረቤት ሰማና ውለታ ቢስ አላት። እሷ ፓስፖርቷን አሳደሰች።

በሄደችበት ጠዋት ወንድሜ ትራክተሩን አስነስቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ተሳፈሪ፣ አስፋልቱ ድረስ ላድርስሽ። የገዛ ንብረትሽ እኮ ነው።»

«የኔ ከሆነ አንተ ውረድ፤ እኔ ልንዳው።»

ከት ብሎ ሳቀ። «አይ አንቺ! መሄጃሽ ሲደርስ ቀልድ ለመድሽ?»

ሻንጣዋን አንስታ መንገድ ጀመረች። እኔ በአንድ በኩል ያዝኩላት። ወንድሜ ከኋላችን መጣ። መንገዱ ጠባብ ነውና አያልፈን ነገር፣ ጭሱን በላያችን እየለቀቀ ቀስ ብሎ ይነዳል፤ መንገድ ላይ ላገኘው ሰው ሁሉ ከላይ ሆኖ «እህቴን እየሸኘሁ ነው» ይላል። ሰዎቹም እሱን ይመርቁታል።