ሀሊሞ አማቿን የነካች ቀን

ሀሊሞ ሰብሰብ ብሎ የሚያወራ ወንድ ስታይ ፊቷ ይኮሳተራል። የቡቲዬ መንደር ፍየል ነጋዴ ናት፤ ከኦቦ መንደር ገዝታ ሞያሌ ገበያ ትሸጣለች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው በዚሁ ነው። ወንዶቹ ምላሷን ይፈራሉ፤ እሷ ደግሞ እነሱን ትንቃለች። ምክንያት አላት።

ባለፈው ዓመት ኦቦ ላይ ፍየሎቿን ሎሪ ላይ ስታስጭን፣ የልጇ የካልቶማ ባል ሊበን እዚያው በረት ለማጠር በፓንጋ፣ በሰፊ ቆንጨራ፣ እሾህ ይቆርጥ ነበር። ፓንጋው ከግንዱ ላይ አንሸራትቶት ጭኑ ውስጥ ገባ። ደሙ ፈሰሰ ቢባል ያንሰዋል፤ እየዘለለ ይረጭ ነበር።

ወንዶቹ ተሰበሰቡ። አንዱ ስኳር ይነስነስበት አለ፤ ሌላው አመድ። አንዱ ጨርቅ ጣል አደረገበት፤ ግን ጠያቂ ሆኖ የመጣ ሁሉ ጉዳቱን በዓይኑ አይቶ ከንፈሩን መምጠጥ አለበትና፣ አዲስ ሰው በደረሰ ቁጥር ጨርቁ ይገለጣል፤ ደሙም እንደ አዲስ ይፈነዳል። ቡቲዬ ላይ የመጀመሪያ ዕርዳታ ትምህርት ሲሰጥ ከፊት ተቀምጦ ራሱን ሲነቀንቅ የዋለው ሽማግሌው ሀላኬ እንኳ፣ ዱዓ እናድርግ ከማለት አላለፈም። የቀሩት ልብሳቸው እንዳይበላሽ አልሸሹም ዞር አሉ።

ሀሊሞ ራቅ ብላ ቆማ ነበር። የልጅ ባል አይነካም፤ ስሙም አይጠራም። ይህን ወግ ዕድሜዋን ሙሉ ጠብቃለች። የሊበን ከንፈር ሲነጣ ግን ልጇ በአፍላ ዕድሜዋ መበለት ስትሆን ታያት። ወንዶቹን ገፍታ ገባች። ሻርፗን ቁስሉ ውስጥ ጠቀጠቀችና በሁለት እጇ ከነክብደቷ ተጫነችው።

«ሀሊሞ፣ ሶዳሽ እኮ ነው። አማች አይነካም» አለ ሀላኬ።

«እሺ፣ አንተ ንካው።»

ሀላኬ ወደ ሰዎቹ ዞር አለ፤ ሰዎቹ ወደ መሬት አዩ።

«እንግዲያው ጥምጥምህን ፍታ» አለችው።

ሽማግሌው ጥምጥሙን በእጁ ይዞ ፈራ ተባ ሲል የሎሪው ሾፌር ዴኒስ ከሽማግሌው ራስ ላይ ነጥቆ ሰጣት። ከቁስሉ ከፍ አድርጋ አሰረችውና እንጨት አስገብታ ደሙ እስኪቆም ጠመዘዘችው። ሊበን ጮኸ። እስካሁን ጣታቸውን ያላነሱት ሰዎች አሁን አዘኑለትና ላላ አድርጊለት አሏት። አላላችም። ሎሪው ላይ አስጭናው ከፍየሎቹ መካከል ተንበርክካ፣ በዚያ ጎርበጥባጣ መንገድ እጇን ከቁስሉ ሳታነሳ ሞያሌ ሆስፒታል ደረሰች። አንዴ ራሱን ሊስት ሲል፣ ስሙን ጠርታ ዓይንህን እንዳትከድን አለችው።

ሊበን ዳነ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ሊወቅሷት ተቀመጡ። ሀላኬ አዲስ ጥምጥም ጠምጥሞ፣ እኛ ልንይዘው ስንል እሷ ቀድማ አሳፈረችን ብሎ መሰከረ። ሊበን አጠገቡ ተቀምጦ የታሰረ እግሩን ያይ ነበር። ሀሊሞ ተነስታ ወደ ፍየሎቿ ሄደች፤ እንደ እነሱ ካለ ሰው ጋር ቃል ማባከን አትወድም።

ከዚያ ወዲህ ሊበን ገበያ ላይ ሲያያት ፊቱን በኮቱ ጋርዶ ወደ ሌላ መንገድ ይታጠፋል። አንድ ቀን ጎረቤቷ ዳሃቦ ይህን አይታ፣ እንዴት ያለ ውለታ ቢስ ነው ብላ ተናደደች። ሀሊሞ እያነከሰ የሚርቀውን አማቿን እያየች ፍየሏን ጎተተች።

«ተይው» አለች፤ «ለመሸሽም እግር ያስፈልጋል።»