ለካንያኩማሪ ጉዞ ልምምድ

እ.ኤ.አ. በ1995 ጥቅምት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ሃፍ ሙን ቤይ ባሕር ዳርቻ ከእንጨት ደረጃ ወደቁ። የሳቱት የመጨረሻውን ደረጃ ስለነበረና ከሥሩ አሸዋ ስለሆነ አጥንታቸው አልተጎዳም። የግራ መዳፋቸው ተላጠ፤ መነጽራቸው አሸዋ ውስጥ ገባ። ከኋላቸው ሁለት ሰዎች ነበርን፤ እኔና ፓሎ አልቶ ሆስፒታል ውስጥ ፋርማሲስት የሆነው የትምህርት ቤት ጓደኛዬ።

ቲቸር ሕንዳዊ ናቸው፤ ከደቡብ፣ ከኬረላ። በንጉሡ ዘመን ከዚያ አገር ተቀጥረው በየጠቅላይ ግዛቱ ካስተማሩት ብዙ መምህራን አንዱ ነበሩ። እኛን ያስተማሩን ደብረ ብርሃን ነው። ብርዱን ስለማይችሉት ሁለት ሹራብ ደርበው፣ በላዩ ላይ ኮት ጨምረው ይመጡና፣ ባሕር በዓይናችን አይተን ለማናውቅ ልጆች ስለ ባሕር ያስተምሩን ነበር። ፊታቸውን ከእኛ ሳያዞሩ እጃቸውን ወደ ኋላ ልከው የሕንድን ጫፍ በጠመኔ ይስሉታል። ጫፉ ላይ ነጥብ ያደርጉና «ካንያኩማሪ» ይላሉ። ሦስት ባሕሮች የሚገናኙበት ቦታ ነው። ሰው እዚያ ከቆመበት ሳይነቃነቅ፣ ጠዋት ፀሐይ ከባሕር ስትወጣ፣ ማታ ደግሞ ባሕር ውስጥ ስትገባ ያያል። ይህ በየዓመቱ ፈተና ላይ ይመጣ ነበር።

አማርኛቸውን የተማሩት ክፍል ውስጥና በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ስለነበር፣ የሚያውቁት ትእዛዝ ብቻ ነው። ተነሥ። ተቀመጥ። ዙር። ዝም በል። አሁን ፍሪሞንት ከልጃቸው ጋር ሲኖሩም እንግዳ የሚቀበሉት በዚሁ ነው። በሩን ከፍተው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ በፍቅር፣ «ተቀመጥ!» ይላሉ። የቀረውን በእንግሊዝኛ ነው የሚያወሩት።

ያገኛቸው ጓደኛዬ ነው። የዓይን ጠብታ ሊወስዱ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ቆመው ስማቸውን ሲናገሩ ድምፃቸውን ለየው። ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቀጥ አለ። «አብረውኝ የሚሠሩት እሳት የተነሣ መሰላቸው» ብሎ ነገረኝ።

ጠብታው ለግላኮማ ነበር። ፊት ለፊት ያለውን ያያሉ፤ ከጎንና ከእግራቸው ሥር ያለው ግን ጠፍቷል። በቧንቧ ውስጥ እንደ ማየት ነው ሲል ጓደኛዬ አስረዳኝ። ሐኪማቸው የቀረችው እይታ ምን ያህል እንደምትቆይ ቃል ሊገባላቸው አልፈለገም። ቲቸር የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ እይታቸው ሳትጠፋ ካንያኩማሪ ሄደው መመለስ። ልጃቸው ሳንታ ክላራ ኢንጂነር ናት፤ ለጉዞው ከሥራ ፈቃድ ልታገኝ አልቻለችም። ጓደኛዬ «እኔ እወስዳቸዋለሁ፤ ጃንዋሪን ኦፍ እጠይቃለሁ» አለ።

ልጃቸው ቤት ጠረጴዛ ላይ ካርታ ዘርግተን ያሳለፍነው እሑድ ትዝ ይለኛል። ቲቸር ካርታውን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው፣ ጣታቸውን በባሕሩ ጠርዝ እያስኬዱ ጉዞውን አስረዱን። ሻንጣ ይዞ በየከተማው መንከራተት አይወዱም። ትሪቫንድረም አልጋ ተይዞ፣ በየጠዋቱ ወጥቶ ማታ መመለስ ነው። ኮቫላም ቅርብ ስለሆነች ለመጀመሪያው ቀን፤ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን እየዘፈኑ ሲጎትቱ ለማየት በጊዜ መነሣት። ሌላ ቀን ወደ ሰሜን፣ ቫርካላ፤ ባሕሩ ቀይ ገደል ሥር ድረስ የሚመጣባት። አንድ ሙሉ ቀን ለጀልባ፤ ከኩዊሎን እስከ አሌፒ፣ ኮኮናት በከበበው ውኃ ላይ፣ ሰው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ዕቃ ሲያጥብ እያዩ። ኮቺን ከዚያ በላይ ስለሆነች፣ የቻይና የሚባሉት ትልልቅ መረቦች ጊዜ ከተረፈ ብቻ። ወደ ደቡብ ሲወረድ መንገድ ላይ ከእንጨት የተሠራ የነገሥታት ቤተ መንግሥት አለ። ከዚያ መጨረሻው ካንያኩማሪ፤ እዚያ ግን ማደር ግድ ነው።

«ለምን?» አለ ጓደኛዬ።

«ንጋትን ልታይ የምትችለው እዚያ ካደርክ ነው። ይህንንም ረሳኸው?»

እኔ የተባለውን ነገር ማን በዓይኑ እንዳየው መጠየቅ ልማዴ ስለሆነ ጠየቅኩ። «ቲቸር፣ ስትወጣም ስትገባም ያዩት በየትኛው ወር ነው?»

ልጃቸው ከወጥ ቤት ብቅ ብላ ቆመች።

«አላየሁም» አሉ።

የተወለዱት ከባሕሩ ርቆ ነው። ቤተሰባቸው ለሽርሽር የሚሆን አቅም አልነበረውም። ኢትዮጵያ ከተቀጠሩ በኋላ አገራቸው የሚሄዱት ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በክረምት ነው። የዚያ አገር ኃይለኛ ዝናብም የሚመጣው በዚያው ወራት ነው። ሁለት ጊዜ ካንያኩማሪ ደርሰው፣ ሁለቱንም ጊዜ ያዩት ደመና ነው። «ደብረ ብርሃን ዝናብ፣ እዚያም ዝናብ» አሉ። «የነገርኳችሁ ሰው የነገረኝን ነው። በፈተናም ጠየቅኳችሁ፤ የተሳሳተውንም ጣልኩ።»

«እኔን ዜሮ ሰጥተውኛል!» አለ ጓደኛዬ።

«በእንግሊዝኛህም ዜሮ ይገባህ ነበር።»

ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም። ዕድሜ ልኬን ያስተማርኩት እውነት ይሁን አይሁን ሳላውቅ ዓይኔ ሊዘጋ ነው አሉ፤ ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም ሳያደርጉ።

እኔ በሚቀጥለው ሳምንት ከዚያ አገር የመጡ ሁለት ሰዎች ጠየቅኩ። አንዱ ፍሪሞንት የአውሮፕላን ቲኬት ይሸጣል፤ ሌላዋ ሳን ሆዜ የምትኖር የካንያኩማሪ ልጅ ናት። ለየብቻ የነገሩኝ ተመሳሳይ ነው። ፀሐይዋ ስትወጣም ስትገባም ባሕር ላይ የምትታየው በበጋው ወራት ነው፤ በሌላው ጊዜ ማታ መሬት ይጋርዳታል። ጃንዋሪ ይሆናል።

ልጃቸው ግን ፈራች። አባቷን ስታናግር በራሳቸው ቋንቋ ነው፣ እኛን ግን በእንግሊዝኛ። እስከ ዘጠኝ ዓመቷ ደብረ ብርሃን ስላደገች አማርኛም ይገባታል፤ ስትናደድ አንድ ሁለት ቃል ይወጣታል። «ጀልባ፣ ደረጃ፣ አሸዋ፣ ሰው የሚጋፋበት መንገድ» ብላ በጣቷ ቆጠረች። «እዚህ ቤት ውስጥ እንኳ የቡና ጠረጴዛ ይመታዋል። መጀመሪያ እዚሁ ባሕር ዳር አንድ ቀን ዋሉና ልየው። ደህና ከዋለ ይሂድ። ካልሆነ ግን አይሆንም።»

ሃፍ ሙን ቤይ የሄድነው ለዚህ ነው። እሷ መኪና ማቆሚያው አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ቁልቁል ታያለች። ቲቸር ከፊት፣ ጓደኛዬ ሁለት ደረጃ ከኋላ፣ እኔ የውኃ ጠርሙስና የሳንድዊች ቦርሳ ይዤ ከእሱ ኋላ። እሳቸው ክንዴን ያዙኝ አላሉም፤ እኛም ሳንጠየቅ አልያዝንም። ባቡር ሐዲድ ላይ እንደሚሄድ ሰው ቀጥ ብለው ወረዱ። የመጨረሻው ደረጃ በአሸዋ ተሸፍኖ ነበር።

ልጃቸው እየሮጠች ወረደች። መዳፋቸውን በውኃ አጠበች፤ መነጽሩን ፈልጋ አገኘች። «አበቃ» አለች፤ በአማርኛ ነው ያለችው። ስንመለስ ወደ ፍሪሞንት የሚያሻግረውን ድልድይ አለፍን። ከዚያ ቲቸር፣ ባሕሩ ጥሩ ነበር፣ ግን ቀዝቃዛ ነው አሉ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ኦክላንድ ቢሮዬ ደወለችልኝ።

«ደጋግሜ እያሰብኩት ነው። ለምንድነው ሁለታችሁም ከኋላው የነበራችሁት?»

«አስተማሪያችን ናቸው።»

«እሱን አውቃለሁ። ለምን ከኋላ?»

«ታዲያ እንቅደማቸው?»

«ከኋላ የምትከተሉት ቀብር ነው እንዴ?» አለች፤ ይህንንም በአማርኛ። «ከፊቱ አንድ ሰው ቢኖርና ትከሻውን ቢይዝ አይወድቅም ነበር። እኔ እንደዚያ ነው ገበያ የምወስደው።»

ለጓደኛዬ ነገርኩት። «ልቅደማቸው? ጀርባዬን ልስጣቸው?» አለኝ። ከሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ ልጆቹ ኮሌጅ ገብተዋል። «በስንት ወንበር መካከል ስንቱን ጊዜ ወደ ኋላዬ እየሄድኩ እንደወጣሁ አታውቅም? ጀርባህን አሳየኸኝ ብለው ሁለት ሰዓት ያቆሙኝን አታስታውስም?»

«ጃንዋሪን ኦፍ ጠይቀሃል አልጠየቅህም?»

«ጠይቄያለሁ።»

ሁለተኛው ሙከራ ሳንታ ክሩዝ ሆነ። ባሕሩ ውስጥ ድረስ የሚዘልቀውን የእንጨት መንገድ የመረጠችው እሷ ናት፤ ሰው ይበዛበታል፣ ከጎኑ ወደ ጀልባ የሚያወርድ ደረጃ አለው። ጓደኛዬ ቀደመ፤ ግን ጀርባውን ላለመስጠት እንደ ሸርጣን በጎኑ ይሄዳል። አንድ ዓሣ ከሚያጠምድ ሰውዬ ባልዲ ጋር ተጋጨ። ቲቸር ቆሙ። መመራቱ ለእሳቸውም አልቀለላቸውም፤ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው ነበር የመጡት። ባልዲው ሲንኳኳ ግን እጃቸው ወጣ።

«ዙር!» አሉ በአማርኛ፤ በሰልፍ ድምፅ።

ጓደኛዬ ዞረ። ቀኝ እጃቸውን ትከሻው ላይ አደረጉ።

«ድሮ አጭር ነበርክ» አሉት በእንግሊዝኛ። «አሁን ለምርኩዝ ደርሰሃል።»

«ደረጃ፣ ቲቸር። ወደ ታች። አንድ ሌላ። ይኼኛው እርጥብ ነው።»

«ጮክ ብለህ! ከክፍሉ ኋላ ያለውም ይስማህ!»

ደረጃውን ወረዱ፤ ወጡ። እሷ እንደገና ብላ አዘዘች፤ እንደገና ወርደው ወጡ። ከእንጨቱ ሥር የባሕር አንበሶች ይጮሃሉ። በሦስተኛው ጊዜ እሷ መከተሉን ትታ የተጠበሰ ድንች ልትገዛ ሄደች። ያን ጊዜ እንደፈቀደች አወቅሁ።

ጃንዋሪ ውስጥ ሄዱ። ጓደኛዬ በየሁለት ቀኑ ለልጃቸው፣ አልፎ አልፎ ለእኔ ይደውል ነበር። ኮቫላም ላይ የመረቡን ዘፈን ቲቸር ከሩቅ ሰምተው አቅጣጫውን እንዳሳዩት ነገረኝ። ጀልባው ላይ ቀኑን ሙሉ ተኝተው አሌፒ ሲደርሱ «ምን አየህ? ተርክልኝ» ብለው አስጨነቁት። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ጫማ ይወለቃል፤ ወለሉ እንደ ጥቁር መስታወት ነው፤ ደረጃው ቀጥ ያለ ነው። «ያኔ ባልቀድማቸው ኖሮ ዛሬ ሬሳ ይዤ ነበር የምመጣው» አለኝ።

ከካንያኩማሪ ሲደውል መስመሩ ይቆራረጥ ነበር።

«ጠዋት ወጣች። አየናት። ማታም ከዚያው ቦታ እንድናያት የቆምንበት ድንጋይ ላይ ምልክት አደረግን። ማታ ግን ደመና።»

«ሁለታችሁም?»

«ምን ሁለታችሁም?»

«አንተም እሳቸውም አያችሁ?»

«ቆይ፣ ራሳቸው ያናግሩህ።»

ቲቸር ስልኩን ያዙ። «ግማሹ ተረጋግጧል» አሉኝ። «ግማሽ ደግሞ ማለፊያ ውጤት አይደለም።»

በማግሥቱም ደመና ሆነ፤ በሦስተኛውም ቀን። የመመለሻ ቀናቸው ሲደርስ ልጃቸው ደውላ «አልመጡም» አለችኝ። ተቆጥታለች ብዬ ስጠብቅ፣ ለጓደኛዬ አለቃ እሷ ራሷ ልትደውል ቁጥሩን ጠየቀችኝ። ፍሪሞንት ያለውን ቲኬት ሻጭ ጠየቅኩት፤ የሁለቱም ቲኬት በአንድ ሳምንት ተራዝሟል አለኝ።

ጓደኛዬ የደወለልኝ ከዚያ በኋላ ነው። ሰማዩ ጠርቷል፤ ፀሐይዋ ገብታለች።

«እሳቸው አይተዋታል ወይስ አንተ ነግረሃቸው ነው?» አልኩት።

«እኔም ይህንን ትጠይቀኛለህ ብዬ አፌን ዘጋሁ። ምንም አልነገርኳቸውም። ትከሻዬን እንደያዙ ራሳቸውን ቀስ እያሉ ከግራ ወደ ቀኝ አዞሩ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ጣታቸውን ቀሰሩ።»

«እና?»

«በትከሻዬ ላይ ጣታቸውን ተከትዬ አየሁ። ፀሐይዋ እዚያ ነበረች፤ ግማሿ ውኃ ውስጥ ገብቷል።»