የቀበና ታክሲ የመጨረሻዋ ወንበር

ዛሬ መገናኛ ላይ አንድ ጎረምሳ ሰልፉን ጥሶ የቀበና ታክሲ ውስጥ ሊገባ ሲል፣ ሳላስበው ደረቴን ነፍቼ በሩ ላይ ቆምኩበት።

ምን ላድርግ፣ እንጀራዬ ነው! ተከላካይ አማካይ ነኝ፤ የሰው መንገድ ስዘጋ ነው የኖርኩት። ጎል? እሱን ተዉት።

"ወንድም፣ ሰልፍ አለ" ስለው "ትራፊክ ነህ እንዴ?" ብሎ አፈጠጠብኝ።

የቀረችው አንድ ወንበር ናት፣ ተራው የእኔ ነው። ጠዋት እንጦጦ ዳገት ላይ ልምምድ ስለነበረን እግሬ ዝሏል።

እኛ ስንከራከር ከኋላዬ የተሰለፉት እማማ በብብቴ ስር ሾልከው ገቡና ቁጭ አሉ።

"እማማ፣ ተራው እኮ የእኔ ነበር!"

በመስኮቱ አዩኝና ሳቁ። "በቲቪ አውቅሃለሁ ልጄ! ሜዳም ላይ እንዲሁ ነህ፤ አንተ ትነጥቃለህ፣ ሌላው ያገባል!"

ከጎረምሳው ጋር ቀጣዩን ታክሲ አብረን ጠበቅን።

እናንተስ? ታግላችሁ ባስከበራችሁት ወንበር ላይ ማን ቁጭ አለባችሁ?