ላሞቹ ጋ ስትደርሱ ታጠፉ

እናቴ ከናዝሬት ወደ ቴክሳስ መጥታ ከእኔ ጋር መኖር የጀመረችው ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ ነው። ሻንጣዋ ገና ሳይከፈት፣ ሶፋው ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጣ፣ ውሏን አስታወቀችኝ።

“አንድ ዓመት እሞክረዋለሁ። በዚህ ዓመት ውስጥ በገዛ ፈቃዱ መጥቶ በሬን የሚያንኳኳ አንድ ሰው ካላገኘሁ ትኬቴን ትቆርጪልኛለሽ። ከቤት ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ቤት እንደ ዕቃ ስጫንና ስራገፍ አልኖርም።”

“እማዬ፣ እዚህ አገር ሰው ሳይደውል አይመጣም።”

“ይደውል፤ አልከለከልኩም። ግን ይምጣ።”

እኔ ውል አክባሪ ነኝ፤ ሥራዬም ያንን ይጠይቃል። አዲሰን ከተማ በሚገኝ አንድ የምህንድስና ቢሮ ውስጥ ለመጋዘን የታጩ ሜዳዎችን ንድፍ እመረምራለሁ፦ የዝናቡ ውሃ በየት ይወርዳል፣ ረጃጅሞቹ የጭነት መኪኖች በየት ገብተው በየት ይዞራሉ፣ አጥሩ ከመንገዱ ምን ያህል ይርቃል። ባልደረቦቼ ከእኔ እጅ በወጣ ወረቀት ላይ ስሕተት ለመፈለግ የተነሣ ሰው ምሳው ያልፍበታል እያሉ ይቀልዱብኛል። ቀልዱን እንደ ምስጋና እቀበለዋለሁ፤ ሌላ ምስጋና ብዙም አይመጣምና።

ቤቴ ሌዊስቪል ዳር፣ ከተማው ሊውጠው ባሰፈሰፈበት ጫፍ ላይ ነው። ስገዛው ከመንገዱ ወዲህ ጥቂት ቤቶች፣ ከመንገዱ ወዲያ ሰፊ የግጦሽ ሜዳ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በየጊዜው አንድ ነገር ይጨመራል፤ ጠዋት ሣር ሆኖ የተሰናበተኝ መሬት ከሥራ ስመለስ ተቆፍሮ ይቀበለኛል። ሌላ ቦታ ሰው ስለ ልጆቹ ማደግ እንደሚያወራ፣ የእኛ ሰፈር ሰው ስለ አዲስ መውጫ መንገድና ስለ አዲስ መጋዘን ያወራል። እንጀራዬ ከዚሁ እድገት ስለሚገኝ እኔን ቅር ብሎኝ አያውቅም ነበር።

እናቴ ከተማ የምታውቅበት መንገድ ግን ሌላ ነው። ለእሷ አድራሻ ማለት ምስክር እንጂ ቁጥር አይደለም። አንድ ቤት የት እንደሆነ ስትጠየቅ በዙሪያው ያሉትን ሁሉ እየጠራች ታስመሰክራለች፦ ወፍጮ ቤቱን፣ ዋርካውን፣ ሰማያዊውን በር፣ ከበሩ አጠገብ ያለውን ጸጉር አስተካካይ። እዚህም እንደ ደረሰች ምስክር መመልመል ጀመረች። ዋነኞቹ ከመንገዱ ማዶ ይግጡ የነበሩት ላሞች ሆኑ። በተለይ አንዲት ቦቃ ላም፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ ከአጥሩ ማዕዘን ፈቀቅ ስለማትል በእናቴ ዘንድ የተለየ ክብር ነበራት።

“ይቺ ላም ቦታዋን የምታውቅ ናት” አለችኝ አንድ ቀን፣ ሥራ የሚቀያይሩ ዘመዶቻችንን በሚነካ ድምፅ።

በምንሄድበት የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የአረጋውያን እናቶች የቤት ኅብረት አለ። እናቶቹ በየወሩ በአንዷ ቤት ተሰብስበው ይጸልያሉ፣ ይዘምራሉ፣ ከዚያም በሚገባ ይበላሉ። እናቴ ተራ ጠየቀች፤ ግንቦት ተሰጣት። እናቶቹን በቫን የሚያመላልሰው ሰው፣ በሌላው ሰዓት ኤርፖርት መንገደኛ የሚጭን ሾፌር፣ ቤቱ የት እንደሆነ ሲጠይቅ እኔ ስልኬን አወጣሁ። እናቴ በእጇ መለሰችኝ።

“ተዪው፤ ሰው አታደናግሪ። ስማኝ ልጄ፤ ከትልቁ መንገድ ትወጣለህ፣ ነዳጅ ማደያውን ታልፋለህ። በግራህ ላሞች አሉ። ላሞቹ ጋ ስትደርሱ ታጠፉ። የአፈር ክምር ታገኛላችሁ፤ ክምሩን እንዳለፋችሁ ሦስተኛው በር።”

እናቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወደዚህ አገር ከመጡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አቅጣጫ በሰው ቋንቋ የተነገራቸው ይመስሉ ነበር።

“ኧረ እማማ፣ አያስቡ!” አለ ሾፌሩ። “እኔ እኮ ከኤርፖርት እስከ ፍሪስኮ ዓይኔን ጨፍኜ ነው ድራይቭ የማደርገው።”

“እንግዲያው ለእኔ ስትል ግለጠው። ላሞቹ በግራ ናቸው።”

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። እኔና እናቴ ከዓርብ ጠዋት ጀምሮ ከኩሽና ስላልወጣን፣ በዚያው ዓርብ ላሞቹ በመኪና ተጭነው መሄዳቸውን፣ የአፈሩ ክምርም ተደልድሎ መንገድ መሆኑን አላየንም። እንግዶቹ የሚደርሱበት ሰዓት አለፈ። ምግቡ ቀዘቀዘ፤ አሞቅነው፤ ደግሞ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ የእናቴ ስልክ ጮኸ።

“አሎ እማማ፣ ደርሰናል። ላሞቹ ጋ ታጠፍን፣ ክምሩን አለፍን፣ ሦስተኛው በር ገባን። ሰውየውም በጣም ጥሩ ሰው ነው። ግን... ማለቴ፣ እርስዎ የት ነዎት?”

“የምን ሰውዬ?”

“ቤት ውስጥ ያለው ነዋ! ባርኔጣ ያደረገው።”

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሾፌሩ በእኛ ሰፈር ላም ሲያጣ ላም እስኪያገኝ ድረስ ነዳ። ቴክሳስ ውስጥ ወደ ሰሜን ለነዳ ሰው ላም አይጠፋም፤ በዚያ ዓመት ደግሞ የአፈር ክምር የሌለበት መንገድ አልነበረም። ስለዚህ ሁሉም ምልክት በትክክል ተገኘ፤ ቤቱ ብቻ የሌላ ሰው ሆነ። በሩን የከፈቱት አረጋዊ አሜሪካዊ፣ ነጠላ የለበሱ እናቶች ተሰልፈው ቢያዩም ሳይደናገጡ ቀዝቃዛ ውሃ አቀረቡ። እናቶቹ ሰውየው ማነከሳቸውን አስተውለው ጉልበታቸው ላይ እጅ ጭነው ጸለዩላቸው። ስሕተቱ በታወቀ ጊዜ የሾፌሩ የሥራ ሰዓት ደርሶ ስለነበር ሁሉንም ወደየቤታቸው መለሰ።

እናቴ መጀመሪያ እስክታነባ ሳቀች። ቀጥሎ የተዘረጋውን ገበታ አየች።

“ለሰውየው ተጸልዮላቸዋል፤ ደግ ነው” አለች። “የእኔ በር ግን አልተንኳኳም።”

በላሞቹ ሜዳ ላይ የሚሠራውን መጋዘን ንድፍ ክረምት ላይ ቢሮዬ ውስጥ አገኘሁት። ወረቀቱ ላይ ሜዳው ንጹሕ አራት ማዕዘን ነው። ማታ ለእናቴ አሳየኋት፤ መነጽሯን አድርጋ ለረጅም ጊዜ መረመረችው።

“ላሞቹን የት እንደወሰዷቸው አይልም?”

“አይልም።”

“እንግዲያው ጎደሎ ወረቀት ነው።”

በሥራዬ እንዲህ ያለ ከባድ ትችት ደርሶብኝ አያውቅም።

እናቴ ተስፋ አልቆረጠችም። ሙቀቱ ሳይበረታ በጠዋት እየወጣች አዳዲስ ምስክሮች ፈለገች። መጀመሪያ ሰማዩን የሚያክል ክሬን አገኘች፤ በሁለተኛው ሳምንት ተፈታቶ ሄደ። ቀጥሎ ለግንባታ ሠራተኞች የተተከለውን ሰማያዊ የላስቲክ ሽንት ቤት መረጠች፤ እሱም በፎርክሊፍት ተነሥቶ ከዓይኗ ፊት ተወሰደ። “ሽንት ቤት እንኳ የማይቀመጥበት አገር!” አለች፣ ከገባች በኋላ ጫማዋን እያወለቀች። በነሐሴ የመጋዘኑ ግድግዳዎች መሬት ላይ ተኝተው ተሠሩና አንድ ቀን ሁሉም ብድግ ብለው ቆሙ። ያንን ስታይ ጥቂት ተጽናናች፤ ቀረብ ብላ ስታያቸው ግን አራቱም አንድ ዓይነት፣ ነጭና ዝምተኛ ነበሩ። ምስክር የሚሆን ፊት አልነበራቸውም።

በጥቅምት ሁለተኛ ተራ ደረሰን። በዚህ ጊዜ ኃላፊነቱን እኔ ወሰድኩ። የቤቱን ቁጥር፣ የመንገዱን ስም፣ የፖስታ ኮዱን በእናቶቹ ልጆች ስልክና በሾፌሩ ስልክ ላክሁ፤ መድረሱንም እየደወልኩ አረጋገጥሁ። እናቴ ከሶፋው ላይ ሆና ትመለከተኝ ነበር። በልቤ ኮርቼ እንደነበር አልሸሽግም።

ያላወቅሁት ነገር ቢኖር መንገዳችን እንደ አዲስ መቀየሱን የስልኩ ካርታ ገና አለመስማቱ ነው። ካርታው የሚያውቀው ሜዳውን ያቋርጥ የነበረ፣ የጥንት የጋሪ መንገድ የመሰለ መስመር ነው፤ ያም ከሜዳው ማዶ፣ ከዓመታት በፊት ሥራ የጀመረ ሌላ መጋዘን በር ላይ ያበቃል። ስልኩ “ደርሰዋል” አለ። ሾፌሩ ታዘዘ። የመጋዘኑ ጥበቃ ደግሞ ከቫን የሚወርዱ ሐበሾችን ማየት ስለለመደ፣ ለአዲሱ ፈረቃ የተቀጠሩ ሠራተኞች መስለውት እናቶቹን በአክብሮት ወደ አንድ ክፍል አስገባና ፊልም ከፈተላቸው። ሾፌሩ ፓርክ አድርጎ እስኪመለስ ድረስ እናቶቹ ከባድ ካርቶን ወገብን ሳይጎዱ እንዴት እንደሚነሣ ተምረው ጨርሰው ነበር። ያን ቀንም እኛ ቤት ሳይደርሱ መሽቶባቸው ተመለሱ።

“ለምን አልወጣችሁም?” ብዬ፣ ወደየቤታቸው ሲመለሱ በሾፌሩ ስልክ ብጠይቅ፣ ከእናቶቹ ሁሉ አንደበታቸው የሚፈጥነው የዲላዋ እናት መለሱልኝ።

“እንዴት እንውጣ ልጄ? የእናትሽ ቤት ፕሮግራም መስሎን ነው እንጂ! ‘ይቺ ሴት ሳታሠራ አታበላም’ ተባብለናል።”

እነሱ ሳቁ፤ እናቴ ግን አልሳቀችም። ማታ፣ ያልተነካውን ምግብ ወደ ማቀዝቀዣው ስናስገባ፣ ድምፅዋን ሳትቀይር ተናገረች።

“የአንቺም ቁጥር እንደ እኔ ላም ነው፤ ሲፈልጉት የለም። የትኬቱን ነገር ጠያይቂ።”

እሺ አልኩ። ከዚያም ታጥበው የደረቁትን ሳህኖች እንደገና አጠብኩ። ከመምጣቷ በፊት ቤቴ ጸጥ ያለና ሁሉ ነገር በቦታው የተቀመጠበት ነበር፤ አሁን ጭልፋው ከሹካዎቹ ጋር ይተኛል፣ መጋረጃው ጠዋት ሳልነሣ ይከፈታል፣ ከሥራ ስገባ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ “በላሽ?” እባላለሁ። ይህ ሁሉ እንዲቀር እንደማልፈልግ ለማን እንደምናገር አላውቅም ነበር። ስሜቴን የመናገር ልማድ የለኝም። ትኬት መጠየቁን ግን ከቀን ወደ ቀን አዘገየሁት፤ እኔ፣ ሥራ ማሳደር የማልወደው ሰው።

ዓመቱ ሊሞላ ሲል፣ በየካቲት መጀመሪያ፣ የመጨረሻው ተራ መጣ። እናቴ በዚህ ጊዜ እኔን አላማከረችኝም። ከአገልግሎት በኋላ ከሾፌሩ ጋር ጥቂት ቃል ስትለዋወጥ፣ ሾፌሩም በሳቅ ወገቡን ሲይዝ ከሩቅ አየሁ። ምን እንዳለችው ብጠይቃት “አቅጣጫ ነዋ” አለችኝ።

ቅዳሜ ከሻወር ስወጣ እናቴ ቤት ውስጥ የለችም። ምግቡ ተሸፋፍኗል። ከቁም ሳጥኑ ለሥራ ቦታ ጉብኝት የምለብሰው አንጸባራቂ አረንጓዴ ሰደርያ ጠፍቷል፤ የበረንዳው ተጣጣፊ ወንበርም የለም። ካፖርቴን ደርቤ ወጣሁ። የሰሜኑ ነፋስ ፊት ይገርፋል። መታጠፊያው ላይ፣ በትክክል ቦቃዋ ላም ትቆምበት በነበረው ማዕዘን፣ እናቴ በጋቢዋ ላይ ሰደርያውን ደርባ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች።

“እማዬ! ምን እየሠራሽ ነው?”

“ምልክት ሆኛለሁ። ‘እኔን ስታዩ ታጠፉ’ ብያቸዋለሁ።”

“በዚህ ብርድ?”

“ላሚቱስ አይበርዳትም ነበር?”

ወዲያው ኮንክሪት የጫነ ትልቅ መኪና ብቅ አለ። እናቴ፣ ሰው ሲያልፍ ዝም ማለት ስለማይሆንላት፣ ብድግ ብላ በእጇ ሰላምታ ሰጠች። መኪናው ፍጥነቱን ቀነሰ፤ የጭነት መኪናው ነጂ ሰደርያውን አየ፣ እጇን አየ፣ በትሕትና ወደ እኛ ሰፈር ታጠፈ። ከኋላው ያለውም ተከተለው። እየሮጥኩ ደርሼ የመጋዘኑ መግቢያ ወደ ፊት መሆኑን አስረዳሁ። የሁለት ግዙፍ መኪኖች ወደ ኋላ መውጣት ምን ያህል ስፍራ እንደሚፈልግ በወረቀት ብዙ ጊዜ አስልቼዋለሁ፤ በጎረቤቶቼ የፖስታ ሣጥኖች መካከል ግን ስፈጽመው ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

“እንዴት ያሉ ታዛዦች ናቸው!” አለች እናቴ። “አንቺ እንኳ እንዲህ ታዘሽልኝ አታውቂ።”

“እማዬ፣ እባክሽ እጅሽን ጋቢው ውስጥ አስገቢው።”

እጇን አስገባች። ወዲያው ግን አወጣችው፤ ቫኑ ነዳጅ ማደያውን አልፎ ይመጣ ነበርና። ሾፌሩ ገና ከሩቅ መስኮቱን ከፍቶ ጥሩምባውን እየነፋ ጮኸ።

“እማማ! ላሞቹ ጋ ደርሰናል!”

“ዓይንህን ገልጠህ ስለመጣህ ነው! ታጠፍ!”

ታጠፈ። እናቶቹ ከቫኑ ሲወርዱ ሳቁ፣ ሳሙ፣ ሰደርያውን ዳሰሱ። የዲላዋ እናት የድስቶቹን ክብደት ሲያዩ “ጉልበታችሁን እጠፉ፣ ወገባችሁን ጠብቁ!” እያሉ እንደ ተማሩት አስተባበሩ። ቤቴ በሕይወቱ ያን ያህል መዝሙር ሰምቶ አያውቅም። መታጠፊያው ላይ የቀረውን ወንበር ላመጣ ስነሣ እናቴ በዓይኗ ከለከለችኝ።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ውሉ ተፈጽሞ እንደሆነ በጥንቃቄ ጠየቅኋት።

“እነሱ ተራ ደርሷቸው፣ ተጭነው ነው የመጡት” አለች። “በገዛ ፈቃዱ ያልኩት ሌላ ነው።” በውል አተረጓጎም ከማን እንደወጣሁ ያኔ ገባኝ።

በዚያው ሳምንት፣ ከቤት ሆኜ የምሠራበት ቀን ላይ፣ በሩ ተንኳኳ። የምንጠብቀው ሰውም ዕቃም አልነበረም። ልነሣ ስል እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። ሻሿን አስተካከለች፤ ወደ በሩ ሄደች፤ እጀታውን ግን አልነካችም።

“እማዬ፣ ክፈቺ እንጂ።”

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ፊቷ ላይ ዓመቱን ሙሉ ያላየሁት ፈገግታ ነበር።

“ዝም በይ፤ ይድገመው።”

እንደገና ተንኳኳ፤ በዚህ ጊዜ በርታ ብሎ። የዲላዋ እናት ድምፅ ከውጭ ተከተለ።

“ኧረ ክፈቱ! ልጄ ጣል አድርጋኝ ሥራ ሄደች! ወንበሩን አይቼ ነው የታጠፍኩት፤ እዚህ በብርድ ሁለተኛ ወንበር ልታደርጉኝ ነው?”