የበረዶና የባሕር አማላጅ

ኤርሊንዳ ሉሴሮን በእኛ ሸለቆ የማያውቃት የለም፤ ሥራዋን የሚያውቅ ግን በፋኖስ ቢፈለግም አይገኝም። «ተራራው ላይ፣ ላብራቶሪ ነው የምትሠራው» ብሎ ማለፍ ነው። ታላቅ ወንድሟ ፋኩንዶ እንኳ ሰው ሲጠይቀው «በረዶ ትጠብቃለች» ይላል። ውሸቱን ነው እንዳይባል ደግሞ እውነት አለበት። ዝናብ እንደ እንግዳ በሚናፈቅበት በኒው ሜክሲኮ በረሃ ቁጭ ብላ የአንታርክቲካን በረዶ ስትከታተል ይኸው ፀጉሯ ሸበተ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላብራቶሪው ውስጥ ሁለት ትልልቅ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች አሉ። አንዱ የበረዶው ግግር ከየብስ ተንሸራቶ እንዴት ወደ ባሕር እንደሚወርድ ያሰላል፤ ሌላው ውቅያኖሱ እንዴት እንደሚዘዋወር ያሰላል። የሁለቱ ባለቤቶች በተለያየ ኮሪደር ነው የሚቀመጡት፤ ምሳ እንኳ አብረው አይበሉም። ኤርሊንዳ የጻፈችው በመካከላቸው የሚመላለሰውን ፕሮግራም ነው። ባሕሩን «ውሃህ ምን ያህል ሞቀ?» ብሎ ይጠይቅና ለበረዶው ያደርሳል። በረዶውን ደግሞ «ምን ያህል ቀለጥክ?» ይለውና መልሱን ለባሕሩ ይወስዳል። እሷ ራሷ «አማላጄ» ትለዋለች።

ይህ አማላጅ ነው እንግዲህ ጉድ የሠራት። በምዕራብ አንታርክቲካ አንድ ግዙፍ ግግር አለ። ከሥሩ እየሳሳ መሆኑን ሳተላይቶች እያዩት፣ በእሷ ስሌት ውስጥ ግን ወይ ፍንክች። የመቶ ዓመት ስሌት ታስኬዳለች፤ እሱ እንደ አለት ተገትሮ ይጠብቃታል። ኮዷን ከላይ እስከ ታች ፈተሸች፤ ደግማ ፈተሸች፤ ምንም የለም።

የውቅያኖሱ ቡድን አለቃ ቨርን ሃልቮርሰን ይባላል። የሚኒሶታ ሰው ነው፤ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ጡረታው የተቃረበ። ከኤርሊንዳ ጋር ስንት ዘመን አብረው በልተዋል፣ አብረው ተጨቃጭቀዋል። ሐሙስ ዕለት አረንጓዴ ቃሪያ የተሞላ ጥቅል ቂጣውን፣ ቡሪቶውን፣ እንደያዘ መጥቶ በሯ ላይ ቆመ።

«ኤርሊ፣ የፊታችን ረቡዕ እንወስናለን።»

«ምኑን?»

«ታውቂዋለሽ። ከስሌቱ ያንቺን ክፍል አውጥተን ቀላሉን ቀመር እናስገባለን። ውሃው ይህን ያህል ከሞቀ በረዶው ይህን ያህል ይቀልጣል። አለቀ።»

«ባሕሩ ሳይጠየቅ?»

«ተጠይቆስ ምን መለሰ?»

«እኔንም የገረመኝ እሱ ነው እኮ። ከግግሩ ፊት ለፊት ውሃው ሞቅ ያለ ነው። ከሥሩ ስትገባ ግን ቀዝቃዛ። ያንን ሙቀት መንገድ ላይ ማን ነጠቀው?»

«ስህተት ነዋ። ኮድሽ ውስጥ የሆነ ቦታ ስህተት አለ።» ቡሪቶውን ገመጠና ዓይኑን ከእሷ አሸሸ። «ደስ ብሎኝ አይደለም፣ ኤርሊ።»

ተናደደች። የጎልማሳነት ዘመኗን የበላ ሥራ በአንድ መስመር ቀመር ሊተካ ነው፤ ማን የማይናደድ አለ? ግን የእሷ ንዴት ዕድሜ የለውም። ማታ እራት ስትሠራም፣ መኪና ስትነዳም የምታስበው ያንኑ ነው፦ ሙቀቱ የት ገባ?

ቅዳሜ የመስኖ ጠረጋ ነበር። በእኛ ሸለቆ ጸደይ ሲመጣ ከመስኖው የሚጠጣ መሬት ያለው ሁሉ አካፋ የያዘ ሰው ይልካል፤ እዚያ ዶክተር ነኝ ማለት አይሠራም። የውሃ አባቱ ፋኩንዶ ነው። በአካፋው እጀታ እየለካ ለየሰዉ ድርሻውን ያሳያል።

«ዶክተሯ መጣች! በረዶውን ለማን ተውሽው?»

«ለፈጣሪው።»

«ጓንት አጥልቂ፤ ያ እጅ አፈር አያውቅም።»

«አንተ የራስህን ቆፍር። ከአፍህ በቀር ሲቆፍር ያየሁት ነገር የለህም።»

ሰዉ ሳቀ፤ ፋኩንዶም አብሮ ሳቀ። ከቀትር በኋላ የላይኛው መዝጊያ ተከፈተና ውሃው ቅጠልና አረፋ እየገፋ መጣ። ቦዩ አንድ እርምጃ ቢሰፋ ነው። ኤርሊንዳ አካፋዋን ተደግፋ ቁልቁል አየች። የፖም ዛፉ፣ የቃሪያው ማሳ፣ የከብት መኖው፣ ሸለቆው በሙሉ በዚህች ስንጥቅ ነው የሚጠጣው። ከተራራው ላይ ሆኖ ላየ ግን ቦዩ ጨርሶ አይታይም።

ያን ጊዜ ማጽጃው ትዝ አላት።

የባሕር ወለል ካርታ ወደ ስሌቱ ሲገባ በትንንሽ ካሬዎች ይከፋፈላል። ከዚያ በፊት ግን ቨርን በወጣትነቱ በጻፈው ማጽጃ ያልፋል። ማጽጃው ስፋቱ አንድ ካሬ ብቻ የሆነ የውሃ መንገድ ሲያገኝ በየብስ ይደፍነዋል። የባሕሩ ጅረት እዚያ ውስጥ መዞሪያ ስለሚያጣ ስሌቱ ይሰናከላልና፣ መድፈን የሙያው ልማድ ነው። ሁሉም ይጠቀምበታል፤ ምን እንደደፈነ ተመልሶ የሚያይ የለም። እሷም አይታ አታውቅም።

«ምን ሆነሽ? ደከመሽ?» አለ ፋኩንዶ።

«ይቺ ቦይ ከላይ ሲያዩዋት ምንም አይደለችም፣ አይደል?»

«ድፈኚያትና ጓደኞችሽ ቃሪያቸውን ከየት እንደሚበሉ እናያለን።»

ድርሻዋን ጨርሳ ሄደች፤ ሳትጨርስ ብትሄድ ፋኩንዶ እስከ ገና ሲያወራባት ይከርም ነበር። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ተራራው ላይ ወጣች። ከማጽጃው በፊት የነበረውን ካርታና ከማጽጃው የወጣውን ጎን ለጎን አድርጋ አንዱን ከሌላው ቀነሰች። ስክሪኑ ላይ አንዲት ቀጭን ቀይ መስመር ቀረች፤ ከውቅያኖሱ ተነሥታ በቀጥታ ከግግሩ ሥር የምትገባ። ከባሕሩ ወለል ላይ ያለች ጥልቅ ሸለቆ ነች። ሞቃቱ ውሃ የሚገባባት ብቸኛ በር እሷ ነበረች።

ደፈናውን አነሣች። ጅረቱ መዞሪያ እንዲያገኝም እዚያ ጋ ያሉትን ካሬዎች አሳነሰቻቸው፤ ከዚያ ስሌቱን ለቀቀችው። ማክሰኞ ስትመጣ ሙቀቱ ገብቷል፤ በረዶው ከሥሩ ተቦርቡሮ ወደ ኋላ እየሸሸ ነው። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ብቻዋን ሳቀች። ወዲያው የምትስቀው ባሕሩን ከፍ አድርጎ የሰው አገር በሚያሰጥም መቅለጥ ላይ መሆኑ ገባትና በራሷ አፈረች፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ።

ረቡዕ፣ ቨርንን ሰው ፊት ማሳፈር ስላልፈለገች፣ ከስብሰባው ቀደም ብላ ቢሮዋ ጠራችው። ቀይዋን መስመር አሳየችው።

«ማጽጃው ነው?»

«ማጽጃው ነው።»

«የኔ ማጽጃ።»

«እኔስ? ይህን ሁሉ ዘመን ስገለገልበት መች ከፍቼ አየሁት?»

አገጩን አሸ። «ያንቺ ክፍል አይወጣም። ዛሬ እኔው ራሴ እናገራለሁ።»

ይህን ቃል ለመስማት ስንት ሌሊት ተጨንቃለች። እሱ ግን ቃሉን ወርውሮ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ።

«ይህን ቅነሳ የሠራሽው ለዚህ ግግር ብቻ ነው?»

«ለሱ ብቻ።»

«ለጠቅላላው አህጉር ሥሪው።»

«ቨርን፣ ሰዎቹ እየጠበቁን ነው።»

«ይጠብቁ።»

ሠራችው። አንታርክቲካ ከነዳርቻዋ ስክሪኑን ሞላች። ቀያዮቹ መስመሮች በየባሕረ ሰላጤው ብቅ ብቅ አሉ፤ አንዳንዱ አጭር፣ አንዳንዱ ወደ ውስጥ ዘልቆ የሚሄድ። ኤርሊንዳ የቱን ቀድማ እንደምታይ ግራ ገባት፤ ሁሉንም አሁኑኑ ከፍታ ብታይ ደስ ባላት።

ቨርን መነጽሩን አወለቀ። ጣቱን ምሥራቁ ላይ አሳረፈ፤ ሦስት አራት መስመር ተጠጋግቶ ባለበት።

«እዚህ ሞቃቱ ውሃ ከበረዶው ሥር አይደርስም ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ። «በኔ ጽሑፍ ነው ሰዎች የባሕር ግድባቸውን ቁመት የለኩት።»

ኤርሊንዳ ተነሥታ ወንበሯን ለቀቀችለት።