ድንጋይ የሚበላው የቦኬ ራዲዮ

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ባሏ ከሞተ ወዲህ አሰበ ተፈሪ ያለውን የራዲዮ መሸጫ ብቻዋን ያዘች። በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. ክረምቱ እንዳበቃ የኩባንያው ተቆጣጣሪ አቶ አያና ከድሬዳዋ መጣ።

«ክረምቱን ሙሉ የሸጡት ሁለት ራዲዮ ብቻ ነው። አያዋጣም፤ ሱቁ ይዘጋል» አላት።

ክው አለች። ይህን ጊዜ ቦኬ በምትባለው የገጠር ከተማ ሻይ ቤት ያላት ሞሚና ገባች።

«እሜቴ፣ ያለሽን የራዲዮ ባትሪ ድንጋይ በሙሉ ስጪኝ።»

«በቀደም ካርቶን ሙሉ ወስደሽ የለም እንዴ? ቦኬ ስንት ራዲዮ ቢኖር ነው?»

«አንድ፣ የኔው ነው! ከጧት እስከ ማታ አይዘጋም። ሰው እሱን ሊሰማ ይመጣል፣ ሻይ ይጠጣል።»

ዘርፈሽዋልና አያና በድንጋጤ ተያዩ። ነገሩን በዓይናቸው ሊያዩ በገበያው ቀን አብረው ቦኬ ወረዱ። ሻይ ቤቱ ጢም ብሎ የተረፈው ሰው በመስኮት ተንጠልጥሏል። ድንገት ራዲዮው የኦሮምኛ ዘፈን ሲጀምር የአንድ ሽማግሌ ከዘራ ከእጃቸው ወደቀ።

«ያ ረቢ! የኛን ቋንቋ ያውቃል!» ብለው ጮኹ፤ እንባቸው ወረደ።

ዘርፈሽዋል ወደ ሽማግሌው ቀረብ አለች። ያን ሁሉ ዘመን ራዲዮ ስትሸጥ ሰው እንዲህ ሲሰማው አይታ አታውቅም።

«አቶ አያና» አለች፣ «ለገለምሶና ለመቻራ ሻይ ቤቶች ራዲዮውን በዱቤ ልስጥ። ኩባንያው ትርፉን ከድንጋዩ ሽያጭ ያገኛል።»

አያና ዓይኑን ከሽማግሌው ሳይነቅል «ይስጡ» አላት።

በዓመቱ ሱቁ መዘጋቱ ቀርቶ ጎኑ ያለው ቤት ተጨመረለት። ሰው ብልህነቷን ሲያወራ ግን ዘርፈሽዋል «ኧረ እኔስ የዚያ ሽማግሌ እንባ እስከ ዛሬ ይገርመኛል!» ትል ነበር።