ስምንተኛው ዙር ላይ የቆመው እሽቅድምድም

ባሌ አምባዬ መቀመጥ አይችልም። ኧረ ቀልዴን አይደለም! ምሳ ሲበላ እንኳ አንድ እግሩ ደጅ ነው። አንድ ቀን ፀጉሩን ግማሹን ተቆርጦ «መጣሁ» ብሎ ወጣና እስኪመሽ በግማሽ ፀጉር ነቀምቴን ሲዞር ዋለ። ሰው ሲስቅበት እሱ ሰላምታ መስሎት እጁን ያነሳል። እኔ ሸዋረገድ ከዚህ ሰው ጋር ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ጽድቅ ካለ ለእኔ ነው።

ወሎ ተወልዶ፣ በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት አባቱ በሰፈራ ሲመጡ የስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ ወለጋ፣ አንገር ጉቲን ገባ። ካደገ በኋላ የነቀምቴ ጉቲን ሚኒባስ ረዳት ሆነ። እኔን ያገኘኝ በዚያ ጉሮሮው ነው። ወንበር ሳይኖር «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ብሎ አስገባኝና ጉቲን ድረስ ጎብጬ ሄድኩ። ስወርድ አፌ እንዳመጣልኝ ሰደብኩት፤ በዓመቱ ተጋባን።

ትቶኝ ሄዶም ያውቃል። አንዴ አሶሳ ስምንት ወር፣ አንዴ ደምቢ ዶሎ ዓመት ከመንፈቅ። ሴት ፈልጎ አይደለም፤ ሥራ ሲያልቅበት ቤቱ ይጠበዋል። «እንትን ሀገር ሥራ አለ አሉ» ካለ በቃ፣ በማግስቱ የለም። እኔ ኪዮስኬ ውስጥ ሳሙናና ሻማ እየሸጥኩ በየመኪናው መስኮት ሳይ እውላለሁ። እንዲህ ያለውን መጠበቅ ለጠላቴም አልመኝ።

የጉቲን መንገድ ሲዘጋ ሚኒባሱ ቆመ። አምባዬ ድምፅ ማጉያ ገዝቶ ለሰርግ ማከራየት ጀመረ። ያኔ ነው የባጃጅ ሾፌሮች ከከተማው ዳር ባለው ሜዳ ላይ ቀይ አፈሩን ክብ አድርገው ደልድለው እሽቅድምድም የጀመሩት። ከየፌርማታው አንድ አንድ ሆነው ዘጠኝ ባጃጆች አሥራ ሁለት ዙር ይሮጣሉ። ማይክራፎኑን የያዘው አምባዬ ነበር። ከተጋባን ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎት አላየሁትም። ሌሊት ሳይቀር በእንቅልፍ ልቡ «በውስጥ በኩል መጣ!» ይላል።

የመጀመሪያው እሁድ ሰው ጎረፈ። ሁለተኛው እሁድ ግማሹ ቀረ። በሦስተኛው ከሾፌሮቹ ዘመዶች በቀር የመጣ የለም። ወዲያው ደግሞ ሜዳው ለግንባታ ድንጋይና አሸዋ ማራገፊያ ይሰጥ የሚል ነገር ተነሳ። ጉዳዩን የያዙት ኦቦ መገርሳ የሚባሉ የማዘጋጃ ቤት ባለሙያ ነበሩ። «ሕዝብ የሚገለገልበት ከሆነ ይቆያል። የየካቲት የመጨረሻ እሁድ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ» አሉት አምባዬን።

ማታ ቤት ገብቶ ከአልጋው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ አልጋው ተመላለሰ። «ሸዋዬ፣ ሜዳው ከሄደ እኔም ጋምቤላ እሄዳለሁ» አለኝ።

ደሜ ፈላ። «ሂድ! ማን ይዞሃል?» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የሜዳው ነገር የእኔም ጉዳይ ሆነ።

በማግስቱ አምባዬ ገበያ ገብቶ ያገኘውን ሁሉ «ለምን ቀረህ? ለምን ቀረሽ?» ይል ጀመር። ሽንኩርት ሻጯ ድርቤ ፊት ለፊት ነገረችው። «አንተ አምባዬ፣ ባጃጁ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ማን ማንን እንደቀደመ ሳላውቅ ለማን ላጨብጭብ? ደግሞ አቧራውን ውጬ ስመጣ ሦስት ቀን አስለኛለሁ። ሽንት ቤት የለ፣ ጥላ የለ። ደግሞስ ሰው ቸርች ባለበት ሰዓት ማን ሊመጣልህ ነው?»

ልብ በሉ፣ ይሄ ሰው አርባ ዓመት ወለጋ ኖሮ እሽቅድምድሙን እሁድ ጠዋት በአራት ሰዓት አድርጎታል! ከተማው በሙሉ እየዘመረ ባለበት ሰዓት! «አንተ ጤና የለህም እንዴ?» አልኩት። ከሰዓት በኋላ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተዛወረ፤ ኦቦ መገርሳም በዘጠኝ ሰዓት ተኩል እመጣለሁ አሉ።

ለአቧራው ከቡና መፈልፈያ ገለባ ለምኖ በጋሪ አስጋዘና መሮጫው ላይ አነጠፈው። ውሃ ማርከፍከፉን ግን ረሳ። ባጃጆቹ ሲነሱ ገለባው ብን ብሎ የሰው አፍና አፍንጫ ሞላ። አቧራ የሸሸ ሁሉ ከፀጉሩ ገለባ ሲለቅም ዋለ። በሚቀጥለው ሳምንት በበርሜል ውሃ አስመጥቶ አረጠበው፤ ያን ጊዜ መሬቱ ዝም አለ።

ጨርቁን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከልብስ ሰፊ ቁርጥራጭ ለምኜ ለጨለለቂ ፌርማታ ቀይ፣ ለቡርቃ ጃቶ ቢጫ፣ ለባኬ ጃማ አረንጓዴ፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ በዘጠኙም ጣሪያ ላይ አሰርኩ። በቆርቆሮ የተከለለ ሽንት ቤት ተቆፈረ። ለሽማግሌና ለነፍሰ ጡር ከሸራ ሥር አግዳሚ ወንበር ተደረገ። ስንተኛ ዙር እንደሆነ ሰው እንዲያውቅ በየዙሩ አንድ ቢጫ ጀሪካን እንጨት ላይ ይሰቀላል።

ሰውን የመለሰው ግን የአምባዬ አፍ ነው። ሾፌሩን በታርጋ ቁጥር መጥራቱን ተወና በሥራው ይጠራው ጀመር። «ቀዩ ሌንጮ ነው! ክረምት ላይ ምጥ የያዛትን ሴት በጭቃ እየገፋ ሆስፒታል ያደረሰ ሌንጮ! ቢጫው ኦብሳ ነው! ስልካችሁን ወንበር ላይ ብትረሱ ቤታችሁ ድረስ ይዞ የሚመጣው ኦብሳ! ጀባዱ ኦብሳ፣ በርታ!» ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ እያቀላቀለ ይለቀዋል። ያቺ ምጥ ይዟት የነበረችው ሴት ራሷ ልጇን አዝላ መጥታ ቀዩን ስታይ እልል አለች። ድርቤም ሽንኩርቷን ለጎረቤት ትታ ትመጣለች።

የየካቲት የመጨረሻ እሁድ ሜዳው ጢም አለ። የቆመ ሰው በዛና በመንገዱ በኩል ያለው አጥር እስኪጎብጥ ተደገፉበት። ባጃጆቹ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ተነሱ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ፣ መንገዱን አያለሁ፤ ኦቦ መገርሳን ነው የምጠብቀው። ሰባት ጀሪካን ተሰቀለ። ኦብሳ እየመራ፣ ሌንጮ ከኋላው ተለጥፎበት ስምንተኛውን ዙር ሊጨርሱ ነው።

ያን ጊዜ ከመታጠፊያው ላይ ቀብር መጣ።

ሳጥኑን የተሸከሙ፣ ከኋላ ነጠላ የለበሱ፣ እየዘመሩ ይመጣሉ። ሕዝቡ ፊቱ ወደ መሮጫው ስለሆነ ገና አላየም። አምባዬ ከእንጨት ማማው ላይ ሆኖ አየ። እኔም ከሥሩ ሆኜ አየሁ። አልዋሽም፣ ያልኩትን እናገራለሁ። ቀሚሴን ሰብስቤ መሰላሉን ወጣሁና «አታጥፋ! ጩኸትህን ቀጥል፣ ሳያዩት ያልፋል። ሰውየው እየመጣ ነው፣ በሞቴ!» አልኩት። ጋምቤላ ነው በዓይኔ የታየኝ፤ ሬሳውን አላየሁትም።

አምባዬ ማይክራፎኑን አፉ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ፣ «ወገኖቼ፣ ቀብር እያለፈ ነው። ተነሱ» አለ። በኦሮምኛም ደገመው። ከዚያ ሽቦውን ነቀለ።

ኦብሳ ፍሬን ያዘ። ሌንጮም ያዘ። ዘጠኙም ባሉበት ቆሙ፤ ሾፌሮቹ ወርደው ኮፍያቸውን አወለቁ። እዚህ ሀገር ቀብር ሲያልፍ ቆሞ ማየት ብቻ አይበቃም፤ ጥቂት መንገድ ይሸኛል። ያ ሁሉ ሰው አንድ በአንድ ከአጥሩ ወጥቶ ከሬሳው ኋላ ተከተለ። ድርቤ ሄደች፣ ሽማግሌዎቹ ከሸራው ሥር ተነስተው ሄዱ፣ አምባዬም ወርዶ ሄደ። ሜዳው ላይ እኔና ባዶ ወንበሮቹ ቀረን።

የኦቦ መገርሳ መኪና የመጣው ልክ በዚያ ሰዓት ነው። ወረዱ፣ ዙሪያውን አዩ። «እቴ፣ ሰው የታለ?» አሉኝ። «ቀብር ሊሸኝ ሄዷል፤ አሁን ይመለሳል፤ ጥቂት ቢቀመጡ» ብዬ ለመንኳቸው። ሌላ ስብሰባ አለብኝ አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፊታቸውም አዘነ። «እኔማ አውቃለሁ። ቅጹ ላይ ግን ቀብር ተብሎ የሚሞላ ቦታ የለም» አሉና በስልካቸው ወንበሮቹን ፎቶ አንስተው ሄዱ።

ሰው በአሥር ሰዓት ተመለሰ። የቀሩትን አራት ዙሮች ሮጡ። ሌንጮ በአንድ ክንድ ቀደመ፤ ሜዳው በጩኸት ተናጋ። እንደዚያ ያለ እሽቅድምድም አልታየም፤ ማየት የነበረባቸው ሰው ግን አላዩትም። ሜዳው ለማራገፊያ ተሰጥቷል የሚለው ደብዳቤ ረቡዕ መጣ። ሐሙስ የመጀመሪያው የድንጋይ መኪና መሮጫው መሐል አራገፈ።

ጋምቤላ ይሄዳል ብዬ ሻንጣውን አልጋ ሥር ደበቅኩ። አልፈለገውም። ኪዮስኬ በር ላይ የለስላሳ ሣጥን ገልብጦ ተቀመጠ። ጠዋት ተቀመጠ፣ ከሰዓት ተቀመጠ። ደንበኛ ሲመጣ እግሩን እንኳ አይሰበስብም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ይህን ሰው አስቀምጥልኝ» እያልኩ ተስያለሁ፤ ሲቀመጥ ግን አንጀቴን በላው። ማታ እጁን ስይዘው የሌላ ሰው እጅ ነው የሚመስለኝ። ዘጠኝ ቀን እንዲህ ሆነ።

በአሥረኛው ቀን ሻንጣውን ራሴ አወጣሁት። የእሱንም የእኔንም ልብስ ከተትኩ። «ተነስ! በጉቲን መንገድ ኡኬ ከተማ ድረስ መኪና ይሄዳል። እዚያ ሰፊ ሜዳ አለ አሉ» አልኩት።

«ማን አለ?»

«እኔ አልኩ!»

ቀና ብሎም አላየኝም። «ሸዋዬ፣ ተይኝ። አንቺ እንዳልሽኝ ሳላጠፋው ቀርቼ ቢሆን ሜዳው ይኖር ነበር» አለ።

ይሄን ነበር ለካ ዘጠኝ ቀን ሲያብሰለስል የከረመው! አጠገቡ ቁጭ አልኩ። «አምባዬ፣ ያን ቀን እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አልኩት። በትዳራችን ሙሉ ይህን ቃል ከአፌ ሰምቶ አያውቅም። ደንግጦ ብድግ አለ።

ሻንጣውን አሸከምኩትና ኪዮስኩን ቆልፌ ከኋላው ሄድኩ።